አልበርት ዶክን ያዳነው ግንቡ ነው ወይስ ውሃው?

ጡብና ኖራ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ልጽፈው እያሰብኩ ያቆየሁት ጉዳይ ነበር፤ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅርቡ ሊቨርፑል ሄጄ አልበርት ዶክን በዓይኔ አየሁት። ፎቶውንማ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ባለ አምስት ፎቅ የጡብ መጋዘን፣ ከሥሩ ወፋፍራም ቀያይ የብረት ዓምዶች፣ መሃል ላይ ባለ አራት ማዕዘን ውሃ። ፎቶው የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ። የላይኛዎቹ ፎቆች እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ ወጥተዋል። መተላለፊያው ከዓምዶቹ ጀርባ፣ ከሕንፃው ሥር ነው። መርከቡ ግድግዳው ሥር ተጠግቶ ይቆማል፤ ዕቃው ከመርከቡ ሆድ ተስቦ በቀጥታ ፎቅ ላይ ይገባል። ሕንፃው የተሠራው ለዚህ ነው። ያንን እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ።

ታሪኩን ለማያውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። የመርሲ ወንዝ አፍ ላይ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እስከ 10 ሜትር ገደማ ይለያያል። ጠዋት ከወደቡ ጠርዝ እኩል የቆመ መርከብ ከሰዓት ጭቃ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ሊቨርፑሎች በ1715 ውሃውን በበር የሚዘጋ ገንዳ ሠሩ፤ ዶክ የሚባለው እሱ ነው። ሙላት ሲመጣ በሩ ይከፈታል፣ መርከብ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ከፍታውን ጠብቆ ይቆያል። በዓለም የመጀመሪያው የንግድ ዶክ በዚህ ዓይነት አሠራር የተሠራው እዚያ ነው።

አልበርት ዶክ የመጣው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የወደቡ መሐንዲስ ጄሲ ሃርትሊ ሁለት ራስ ምታት ነበሩበት፤ ሌባና እሳት። ዕቃ ከመርከብ ወርዶ ሜዳ ላይ ሲከማች ይሰረቃል። መጋዘን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይቃጠላል፤ የዚያ ዘመን መጋዘን ወለሉም ማገሩም እንጨት ነበርና። ለሌባው መልሱ መጋዘኖቹን በውሃው ዙሪያ ገጥግጦ ሁሉንም በግንብ ማጠር ሆነ። ለእሳቱ ያደረገውን ግን በጣም እወድለታለሁ። ወደ 5 ሜትር ተኩል በ3 ሜትር የሆነች ትንሽ የሙከራ ቤት ሠራ። ውስጧን በእንጨት፣ በሬንጅና በቅጥራን ሞላና ለኮሳት። የተለያዩ ንድፎችን እንዲህ እያቃጠለ ካነጻጸረ በኋላ ነው ብረት፣ ጡብና ድንጋይ የመረጠው። ከመሠረቱ በላይ የሚሸከም እንጨት አልገባበትም። ጣሪያው እንኳ በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያያዝ የብረት ምስማር) የተያያዘ የብረት ሉህ ነው።

በ1846 የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት መጥቶ መረቀው፤ ስሙም ከእሱ ነው። በ1848 በውሃ ግፊት የሚሠራ የዕቃ ማንሻ ገባለት። በዓለም ላይ መጋዘን ውስጥ የዚህ ዓይነት ማንሻ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ጥጥ፣ ሻይ፣ ሐር፣ ትንባሆ፣ ስኳር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ብራንዲ ገብቶበታል። ነጋዴው ቀረጡን የሚከፍለው ዕቃውን ሲያወጣ ነው፤ እስኪሸጥ ድረስ እዚያው ያስቀምጠዋል።

ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። ዶኩ የተለካው ለባለ ሸራ መርከብ ነው። በ20 ዓመት ውስጥ በእንፋሎት የሚሄዱት ትልልቅ መርከቦች መጡና በበሩ አላልፍ አሉ። በ1920ዎቹ መርከብ የሚመጣበት የለም ማለት ይቻላል፤ መጋዘኑ ግን በባቡርና በመኪና ለሚመጣ ዕቃ ማገልገሉን ቀጠለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ወደቀበት። በ1952 በቅርስነት በአንደኛ ደረጃ ተመዘገበ፤ ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ እናፍርሰው የሚሉ ዕቅዶች መጡበት። በ1972 ተዘጋ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሲዘጋ ውሃውም ተተወ። ወንዙ እንደ ልቡ ይገባ ጀመር፤ ደለሉን ይዞ ይመጣል፣ ጥሎት ይሄዳል። ገንዳው በጥቁር ጭቃ ተሞላ። በ1970ዎቹ የተነሡ ፎቶዎችን ፈልጋችሁ እዩ። ያ የሚያምር መጋዘን በጭቃ ሜዳ ዙሪያ እንደ ሬሳ ቆሟል። በ1981 መንግሥት አካባቢውን የሚያለማ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ቀድሞ ከያዛቸው ሥራዎች ዋናው ደለሉን መጥረግ፣ በሮቹን መጠገንና ውሃውን መመለስ ነበር። በ1984 የባለ ሸራ መርከቦች ውድድር ሊቨርፑል ሲደርስ ሕዝቡ ዶኩን በውሃ ተሞልቶ አየው። በ1988 በይፋ ተከፈተ፤ ቴት የሥዕል ሙዚየምም ቅርንጫፉን በዚያው ዓመት እዚያ ከፈተ።

እኔ እንዲህ ነው የምለው፤ አልበርት ዶክን ያዳነው ውሃው ነው። መጋዘኑ ብቻ ታድሶ ጭቃው ቢቀር፣ ወይም ገንዳው ተደፍኖ መኪና ማቆሚያ ቢሆን፣ ዛሬ ሰው የሚሄድበት ቦታ አይሆንም ነበር። እናንተስ? ሌላ ቦታ ያያችሁት ካለ ንገሩኝ።

---

ማገር

ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል። በመዋቅር ምሕንድስና ከ30 ዓመት በላይ ስለሠራሁ ከግንቡ በኩል አንድ ነገር ልጨምር።

መጋዘን ለሌላ ሥራ ለመዋል ከሁሉም ሕንፃ ይመቻል። ምክንያቱም ከሚያስፈልገው በላይ ጠንካራ ነው። ዛሬ የቢሮ ወለል ስንነድፍ በካሬ ሜትር 250 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም አድርገን ነው። የዕቃ ማከማቻ ወለል ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሸከማል። ስለዚህ መጋዘኑን ወደ ሙዚየም ወይም ወደ መኖሪያ ስትለውጪ ሸክሙን አቀለልሽለት እንጂ አልጨመርሽበትም። ትምህርት ቤት ወይም የመኖሪያ ቤት ወደ መጋዘን ለመለወጥ ብትሞክሪ ግን ወለሉ ይከዳሻል።

ሃርትሊ ደግሞ ከሌሎቹም ይብስ ነበር። ለመቶ ዓመት ሳይሆን ለሺህ ዓመት የሚሠራ ይመስል ነበር። መጋዘኑ ቦምብ ወድቆበት፣ ተትቶ፣ ውሃ ሰርጎበት የቆመው ለዚያ ነው። ውሃው ቢመለስ እንኳ ደካማ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር?

የብረቱ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ዓምዱ ብረት አቅልጦ በቅርጽ በማፍሰስ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ብረት ሲጫኑት ድንቅ ነው፤ ሲለጥጡት ወይም ሲያጎብጡት ግን እንደ ብርጭቆ ድንገት ይሰበራል። በእሳት ግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭበትም ይሰነጠቃል። በ1861 ለንደን ቱሊ ጎዳና፣ ቴምዝ ዳር ያሉት መጋዘኖች ሲቃጠሉ እሳቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል። የእሳት አደጋው ኃላፊ ጄምስ ብሬድዉድ ግድግዳ ተንዶበት ሞተ። መጋዘኖቹን የሚለዩ የብረት በሮች ነበሩ፤ ክፍት ተትተው ነበርና አልጠቀሙም። እኔ እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ዓምዱን ሳይሆን በሩን ነው።

---

የመዝገብ ቤት ልጅ

ስለ ውሃውም ስለ ግንቡም የተባለው ደስ ይላል። የጎደለው ግን ዕቃው ከየት እንደመጣ ነው።

ጡብና ኖራ እህቴ፣ «ጥጥ» ብለሽ አልፈሻል። አልበርት ዶክ ሲከፈት ብሪታንያ የባሪያ ንግድን ከከለከለች 39 ዓመት ሆኗት ነበር። ክልከላው የመጣው በ1807 ነው። ወደ ሊቨርፑል የሚመጣው ጥጥ ግን በብዛት ከአሜሪካ ደቡብ ነበር። እዚያ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ነው። ስለዚህ እነዚያ ቀያይ ዓምዶች ቆመው ወደ 20 ዓመት ገደማ በባሪያ እጅ የተለቀመ ጥጥ ወደብ ይደርስ ነበር። ስኳርና ትንባሆም ከዚያው ታሪክ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሕንፃው «ከባሪያ ንግድ በኋላ የተሠራ ነው» ተብሎ በቀላሉ ነፃ ይወጣል። እኔ ይህን አልቀበልም። መርከቡ ላይ ሰው ባይጫንም የሰው ጉልበት ተጭኗል።

ጥሩው ነገር ይህ እዚያው መነገሩ ነው። በ2007 ዓለም አቀፍ የባርነት ሙዚየም በዚሁ ዶክ፣ በባሕር ሙዚየሙ ሕንፃ ውስጥ ተከፈተ። ወለሉ ላይ ቆማችሁ ስታነቡት ሌላ ነው። ከዚህ የተሻለ አጠቃቀም አላውቅም። ያንኑ ጥጥ በተከማቸበት ሰፈር ያንኑ ታሪክ መንገር።

---

ጡብና ኖራ

@የመዝገብ ቤት ልጅ አመሰግናለሁ፣ እውነትህን ነው። ሙዚየሙን አይቼዋለሁ፤ ከወጣሁ በኋላ ውሃው ዳር ብዙ ተቀመጥኩ። ከዕቃው ዝርዝር ጋር አብሮ መጻፍ ነበረበት። ማለፌ ልክ አልነበረም።

@ማገር ጋሼ፣ በሩን ያሉት በጣም ገርሞኛል። ለመሆኑ የመሠረቱ እንጨትስ? ሕንፃው ከሥር በእንጨት ምሰሶ ላይ ነው የቆመው ይባላል። ያ አይበሰብስም?

---

ማገር

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የአንቺን ሐሳብ የሚደግፍ ስለሆነ በደስታ እመልሳለሁ።

እንጨት ውሃ ውስጥ ተነክሮ እስከቆየ ድረስ ለመቶዎች ዓመታት ይኖራል። የሚያበሰብሰው ፈንገስ አየር ይፈልጋል። ውሃ ውስጥ ደግሞ አየር የለም። ችግሩ የሚመጣው የከርሰ ምድሩ ውሃ ዝቅ ሲል ነው። የምሰሶው ጫፍ አየር ያገኛል፣ ይበሰብሳል፣ ሕንፃው መስመጥ ይጀምራል።

ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ያለውን ብሪገን የሚባለውን የእንጨት መጋዘኖች ሰፈር ተመልከቱ። በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። አጠገቡ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ የከርሰ ምድር ውሃው ወደዚያ ሸሸ። መጋዘኖቹ መስመጥ ጀመሩ፣ ሥራቸው ያለው የመካከለኛው ዘመን ቅሪትም መበስበስ ጀመረ። መፍትሔው ምን ሆነ? ውሃውን መመለስ። የዝናብ ውሃ ወደ መሬት እንዲሰርግ አድርገው ከፍታውን አስተካከሉት።

እና አየሽ፣ በወደብ መጋዘን ግንቡና ውሃው ሁለት ነገር አይደሉም። አንቺ ስለ ውበቱ ነው ያልሽው፤ እኔ ስለ መሠረቱ።

---

ሐዲድ

ይቅርታ፣ እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ያዳነው ውሃም ግንብም አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ ነው።

አስቡት። ደለሉን ማን ጠረገው? መንግሥት ያቋቋመው ድርጅት። በሮቹን ማን ጠገነ? እሱው። የግል አልሚ የገባው ቆሻሻው ሥራ ከተሠራ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አልሚዎች እናፍርሰው ነው ያሉት፤ ለእነሱ የሚያዋጣው መሬቱ ነበርና።

ገንዘብ ሲባል ደግሞ ማብቂያ የለውም። ሐምቡርግን እዩ። ወንዝ ዳር፣ ከ1963 እስከ 1966 የተሠራ አንድ የጡብ መጋዘን ነበር። ካካዎ፣ ሻይና ትንባሆ ይቀመጥበት ነበር። በላዩ ላይ የኮንሰርት አዳራሽ እንሥራ አሉና ኤልብፊልሃርሞኒ ተወለደ። ማገር ጋሼ ወለሉ ጠንካራ ነው ብለዋል፤ እዚህ ግን አልበቃም። በነበሩት 1,111 ፓይሎች (መሬት ውስጥ የተተከሉ የመሠረት ምሰሶዎች) ላይ 650 ጨመሩ። የውስጡን ወለል አፍርሰው የውጩን ግድግዳ ብቻ አስቀሩ። በ2010 ያልቃል የተባለው በጥር 2017 ተከፈተ። ከተማዋ የምታወጣው 77 ሚሊዮን ዩሮ ነው የተባለው 789 ሚሊዮን ደረሰ።

አዳራሹ ያምራል፤ አልካድኩም። ግን መጋዘኑ ተረፈ ማለት ይቻላል? ቆዳው ነው የተረፈው። ልቡን አውጥተውታል። አሮጌ ሕንፃ እናድን ብላችሁ ስትነሡ ለምን፣ በማን ገንዘብ፣ ምን ያህሉን የሚለውን ጠይቁ።

---

ነጭ ወረቀት

ሐዲድ ወንድሜ፣ ስለ ገንዘቡ ልክ ነህ። «ቆዳው ብቻ» ያልከው ላይ ግን ልከራከርህ። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬም በዚሁ ላይ ነው።

የመጋዘን ዋና ጠላት ብርሃን ነው፤ ማለቴ የብርሃን እጦት። ዕቃ መስኮት አይፈልግም። እንዲያውም ፀሐይ ሻይን ያበላሻል፣ ጨርቅን ያነጣል። ስለዚህ መጋዘን ሆዱ ሰፊ፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። ሰው ሲገባበት መሃሉ ጨለማ ይሆናል። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ መሃሉን ብርሃን ለማይፈልግ ነገር ማዋል፣ ወይ መቁረጥ።

ሊቨርፑል ውስጥ ራሱ ጥሩ ምሳሌ አለ። ከአልበርት ዶክ በስተሰሜን የስታንሊ ዶክ የትንባሆ መጋዘን አለ። በ1901 ነው የተከፈተው። 14 ፎቅ ነው፤ 27 ሚሊዮን ጡብ ፈጅቷል። ግን የወለሉ ከፍታ ለትንባሆ በርሜል የተለካ ስለሆነ ጣሪያው በጣም ዝቅ ያለ ነው። ሆዱ ደግሞ ሰፊ። ብዙ ዓመት ባዶውን የቆመው ለዚያ ነው። ወደ መኖሪያ ሲለወጥ መሃሉን ፈልፍለው ግቢ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ካልቆረጡት አይኖርም ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ የኬፕታውኑ የእህል ጎተራ ነው። በ1924 ያለቀ ወደብ ዳር ያለ ኮንክሪት ነው፤ 57 ሜትር ከፍታ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ 42 ቱቦዎች። ቱቦ ውስጥ ምን ይሠራል? ወለል የለው፣ መስኮት የለው። በ2017 የዘመናዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ ዛይትስ ሞካ ይሉታል። ንድፍ አውጪው ቶማስ ሄዘርዊክ እዚያው ከቀረ እህል አንዲት የበቆሎ ፍሬ አንሥቶ በኮምፒውተር ለካት፣ አጎላት፣ በቅርጿም የቱቦዎቹን መሃል ቦረቦረ። ስትገባ ቀና ብለህ የምታየው የተቆረጡ ቱቦዎች አፍ ነው። ግማሹ ጠፍቷል። ግን የጎተራውን ታሪክ ያሳየው ያው የተቆረጠው ቦታ ነው። ከውጭ ብቻ ብታየው የቱቦዎቹን ውስጥ አታየውም ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ስንት ተቆረጠ አይደለም ባይ ነኝ። የተቆረጠው ቦታ ስለ ሕንፃው ይናገራል ወይስ ዝም ይላል ነው።

---

ሐዲድ

የኬፕታውኑን እቀበላለሁ። የሐምቡርጉን ግን አሁንም አልቀበልም።

---

ደለል

ይህን ክር ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሐምቡርግ ከተነሣ ስፓይሸርሽታትን ሳንጠራ አንለፍ። ትርጉሙ የመጋዘን ከተማ ማለት ነው፤ በእውነትም ከተማ ነው። ከ1883 እስከ 1927 በየተራ ተሠራ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይረዝማል። ሁሉም በእንጨት ምሰሶ ላይ ነው።

ለጡብና ኖራ የሚሆን ነገር አለው። እያንዳንዱ መጋዘን ሁለት ፊት አለው። አንዱ ወደ መንገድ፣ አንዱ ወደ ቦይ። ቡና፣ ቅመም ወይም ምንጣፍ በጀልባ ይመጣል፣ ከጣሪያው ጫፍ ላይ ባለው ማንሻ ይነሣል፣ በቦዩ በኩል ይገባል፤ በመንገዱ በኩል ይወጣል። ዛሬም ማንሻዎቹ ከጣሪያው ሥር አሉ። በ2015 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ቦዮቹ፣ ድልድዮቹ፣ መንገዶቹ አብረው ነው የገቡት።

ግን ያንን ከተማ ለመሥራት በፊት የነበረው ሰፈር ፈርሷል። ወደ 20,000 ሰው ነው የተነሣው፤ ብዙዎቹ ድሆች። ዛሬ ቅርስ ብለን የምንሳሳለት ጡብ ያኔ ሰው አፈናቅሎ ነው የቆመው። እዚያ በሄድኩ ቁጥር ይህ ከሐሳቤ አይወጣም። መጋዘኑን እወደዋለሁ፤ ግን ከሥሩ ሌላ ሰፈር እንዳለ እያወቅሁ ነው የምወደው።

---

አዲስ ገቢ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም። በምኖርበት ከተማ ወንዝ ዳር አንድ የተዘጋ የጡብ መጋዘን አለ። ሊያድሱት ነው ይባላል። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ከየት ልጀምር?

---

የመዝገብ ቤት ልጅ

እንኳን ደህና መጣህ/ሽ። ከወረቀት በፊት ከሕንፃው ጀምሩ።

ፎቅ ላይ ወደ ውሃው የሚከፈት ነገር ግን ከፊቱ ደረጃም ሰገነትም የሌለው በር ካለ፣ ዕቃ የሚገባበት እሱ ነው። ከበሩ በላይ ከግድግዳው የወጣ ማገር ወይም የመዘውር ቦታ ይኖራል። የበሩን ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱ። ገመድ ለዓመታት ሲሞርደው የተቦረቦረ ድንጋይ ወይም እንጨት ልታገኙ ትችላላችሁ። ወለሉ ላይ ክዳን ያለው ቀዳዳ ካለ ዕቃ ከፎቅ ፎቅ የሚወርድበት ነው። ዓምዱ ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ የዕቃ ቦታ ቁጥር ሊሆን ይችላል። የመሥሪያው ፋብሪካ ስም ደግሞ ብረቱ ላይ ታትሞ ይገኛል። ፎቶ አንሡ። እድሳት ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ። ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቅ ሀብት የእሳት መድን ካርታ ነው። የመድን ድርጅቶች ሕንፃው በምን እንደተሠራ ማወቅ ስለሚፈልጉ ዝርዝር ካርታ ያሠሩ ነበር። በብሪታንያና በካናዳ የጎድ ካርታ፣ በአሜሪካ የሳንቦርን ካርታ ይባላል። በሳንቦርን ካርታ ሮዝ ቀለም ጡብ ነው፣ ቢጫ እንጨት፣ ሰማያዊ ድንጋይ። ውስጡ ምን እንደሚቀመጥ ሁሉ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የጉምሩክ መዝገብም አለ፤ መጋዘኑ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ያስቀምጥ ከነበረ በርሜል በበርሜል ተመዝግቧል።

በመጨረሻ እዚያ የሠሩ ሰዎች ካሉ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ወረቀት ይጠብቃል፤ ሰው አይጠብቅም። ተሸካሚዎቹ ምን ይሸት እንደነበር፣ የትኛው ፎቅ ይበርድ እንደነበር ይነግሯችኋል። ያንን የትም ተጽፎ አታገኙትም።

---

ማገር

አዲስ ገቢ ሆይ፣ እኔም አንድ ምክር አለኝ። በገዛ ዓይኔ ያየሁት ጥፋት ስለሆነ ሆዴን ይበላኛል።

ከዓመታት በፊት አንድ የወደብ መጋዘን ሲታደስ አማካሪ ሆኜ ዘግይቼ ተጠራሁ። ቦታውንም ሰዎቹንም አልጠራም። ስደርስ ጡቡን በአሸዋ ግፊት አጥበው ጨርሰዋል። አዲስ ይመስላል፤ ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። የድሮ ጡብ ግን በእሳት ሲተኮስ የውጭ ቆዳው ይጠነክራል። ያንን ቆዳ ገፈፉት። ከዚያ በጡቦቹ መካከል የነበረውን ኖራ አውጥተው በሲሚንቶ ሞሉት።

ኖራ ይተነፍሳል። ግድግዳው የጠጣው እርጥበት በኖራው በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ሲሆን መውጫ ያጣና በጡቡ በኩል ይወጣል። ባሕር ዳር ደግሞ እርጥበቱ ጨው አለው። መጋዘኑ ጨው ያከማች ከነበረማ ግድግዳው ራሱ ጨው ጠጥቷል። ውሃው ተንኖ ሲሄድ ጨው ጡቡ ውስጥ ይቀርና ይረጋል፤ ሲረጋ ያብጣል፤ ጡቡን ከውስጥ ይገፋዋል። በሦስተኛው ክረምት ፊቱ እንደ ቅርፊት መላጥ ጀመረ። መቶ ዓመት ባሕሩን የቻለ ግድግዳ ነበር። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ የሚያድሱትን ሰዎች «በምን ነው የምታያይዙት?» ብላችሁ ጠይቁ። «በሲሚንቶ» ካሉ ዝም አትበሉ።

---

አዲስ ገቢ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሴት ነኝ፤ ለመዝገብ ቤት ልጅም እንዲያውቀው ነው። ነገ ካሜራ ይዤ እሄዳለሁ። ፎቅ ላይ ወደ ወንዙ የሚከፈቱ በሮች አሉት። ሁልጊዜ «ይኼ በር ወዴት ነው የሚወስደው?» እል ነበር።

---

ነጭ ወረቀት

እነዚያን በሮች እባክሽ አስከፍቺያቸው። አብዛኛው እድሳት መስታወት አድርጎባቸው ያልፋል፤ እሱም አይከፋም። ግን ቢያንስ አንዱ እንደ በር መከፈት አለበት ብዬ አምናለሁ።

የዮኮሃማውን ቀይ የጡብ መጋዘን አይተሽ ከሆነ እዚያ ያሳዘነኝ ይኸው ነው። ሁለት ሕንፃዎች ናቸው፤ በ1911 እና በ1913 ለጉምሩክ የተሠሩ። የ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አንደኛውን ግማሹን አፈረሰው። በ2002 ለገበያና ለባህል ማዕከል ተከፈቱ። የፈረሰውን ግማሽ መልሰው አልሠሩትም፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዥም ሆነው ቆመዋል። ያ ውሳኔ ድንቅ ነው፤ ርዕደ መሬቱ አሁንም ይታያል። ግን ውስጥ ገብቼ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ባሕሩ አጠገቤ መሆኑን ረሳሁት። ከጡብና ኖራ ጋር የምስማማው እዚህ ላይ ነው።

---

ጡብና ኖራ

ይህን ሁሉ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሐዲድ፣ የመንግሥት ገንዘብ ያልከውን አልክድም። ያለ እሱ አይሆንም ነበር። ግን ያው ገንዘብ ሌላ ነገርም ሊሠራበት ይችል ነበር። ገንዳውን መድፈን ከመጥረግ ይቀላል፤ አንዴ ደፍነህ ትገላገላለህ፤ ውሃ ግን በየጊዜው በር መጠገን፣ ደለል መጥረግ ይፈልጋል። እነሱ ከባዱን መረጡ። እኔ የማደንቀው ያንን ምርጫ ነው።

ለዚህ ማስረጃው ደግሞ ከዶኩ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ አለ። መጀመሪያ ላይ የ1715ቱን ዶክ አንሥቼ ነበር። በ1826 ተደፈነ። በላዩ ላይ ትልቅ የጉምሩክ ቤት ተሠራ፤ እሱም በ1941 በቦምብ ተቃጠለና በኋላ ፈረሰ። ዶኩን ሰው ረሳው። በ2001 ለአዲስ የገበያ ማዕከል ሲቆፈር ግድግዳው ተገኘ። ዛሬ ከገበያው ሥር አለ። መንገዱ ላይ በተሠራች ክብ መስታወት በኩል ወደ ታች ማየት ይቻላል።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጡቡ አለ፣ ድንጋዩ አለ። በዓለም የመጀመሪያው ነው። ሰዎች ግን የገበያ ፌስታላቸውን ይዘው በመስታወቱ ላይ ያልፋሉ።

አዲስ ገቢ፣ ፎቶዎቹን እዚሁ ለጥፊልን። በተለይ የገመዱን ቦይ ካገኘሽው።